ዛሬ ጠዋት የታጨደ

አክስቴ ያሳደገችኝ በባርኔጣ ነው። ሲሉት ያስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ደብተሬን፣ ጫማዬን፣ ኋላም የኮሌጅ ቤት ኪራዬን የቻለችው የጓሳ ባርኔጣ እየሠራች እየሸጠች ነው። የጣቶቿ ጫፍ ከሣር ጋር ሲታገል ኖሮ እንደ ድንች ልጣጭ ሻክሯል። ተመርቄ ስመለስ ለዚያ ሁሉ ውለታ ምን እንዳደረግኩላት ነው አሁን የምናገረው። እስከ ዛሬ ለማንም አሟልቼ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳቸው።

አገራችንን መንዝን ላላየ ሰው ስለ ሣሩ ትንሽ ልበል። ጓሳ የምንለው ከመንደራችን በላይ ያለውን ብርዳም ሜዳ ነው፤ እዚያ የሚበቅለውንም ሣር ጓሳ እንለዋለን። ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ ባርኔጣ የሚሠራው በሱ ነው። ታዲያ ማንም ደስ ባለው ቀን ወጥቶ አያጭደውም። ሽማግሌዎች ይዘጉታል፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተዘግቶ ይከርማል። ሲከፈት ድርሻ ያለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ የድርሻውን አጭዶ ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ድሮ ተዘግቶ ሳለ በታጨደ ሣር የተከደነ ቤት ከተገኘ ቤቱ ይቃጠል ነበር ይላሉ። አክስቴ ባሏ ሲሞት ድርሻውን እሷ ያዘች። ብቻዋን ያለች ሴት ናትና ድርሻዋን የሚመኙባት አልጠፉም፤ እሷ ግን በሰው ሣር ገብታ ስለማታውቅ፣ ከተከፈተበት ቀን በፊት አንዲት ዘለላ ነክታ ስለማታውቅ፣ አፋቸውን የሚከፍቱበት ቀዳዳ አላገኙም። ያጨደችውን አድርቃ ቆጥ ላይ ትሰቅልና እስከሚቀጥለው መክፈቻ እያብቃቃች ትሠራበታለች። ሀብቷ እሱ ነበር፤ ሣሩና ስሟ።

እኔ ማርኬቲንግ ተምሬ የተመለስኩበት ጊዜ ደግሞ ክፉ ነበር። አገሩ ታመሰና ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያይ የሚመጣው ጎብኚ ቀረ፤ ባርኔጣውን በደህና ዋጋ የሚገዛት እሱ ነበር። ገብሱን ውርጭ መታው። የዘይትና የስኳር ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል። ከደብረ ብርሃን እየመጣ በጅምላ የሚወስድላት ነጋዴ አንድ ቀን ከመኪናው ሳይወርድ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሰው ዘይት መግዣ አጥቶ ባርኔጣ ማን ይገዛኛል?» አላትና ሄደ። ባርኔጣው ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ጥላሸት ይለብስ ጀመር። እኔም ዲግሪዬን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ የሷን ቆሎ እየቆረጠምኩ እውላለሁ።

«እኔ እሸጥልሻለሁ» አልኳት አንድ ቀን።

«በምንሽ?»

«በስልኬ።»

«ስልክሽ ራስ አለው እንዴ ባርኔጣ የሚያደርግበት?» አለችና እስክታነባ ሳቀች። እኔ ግን ተናደድኩ። ያን ጊዜ ማንም ሲስቅብኝ አልወድም ነበር፤ ተምሬ ሥራ ማጣቴ ሰውነቴን እሾህ አድርጎት ነበር።

መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበረችኝ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ጋቢ ተከናንቤ እዚያ እወጣና በነፃ የሚሰጡ ትምህርቶችን አነባለሁ። ገንዘብ የሌለው ነጋዴ ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ እንዴት ያስተዋውቃል የሚሉ ነበሩ። ፎቶውን በጠዋት ፀሐይ አንሺ። የሠሪዋን እጅ አሳዪ። ታሪኳን ንገሪ። ለጠየቀሽ ሁሉ ቶሎ መልሺ። ለማስታወቂያ ክፍያ አቅም ከሌለሽ አገር ወዳዱን ሰው ሼር አድርግልኝ በዪው። እውነት ለመናገር ደህና ትምህርት ነበር። ጥፋቱ ከትምህርቱ አይደለም።

ገጽ ከፈትኩ። መጀመሪያ የለጠፍኩትን ፎቶ የወደዱት የኮሌጅ ጓደኞቼ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ለይሉኝታ ነው። ቀስ በቀስ ግን አዲስ አበባ ያሉ የመንዝ ልጆች አዩት። «የእናቴን ቤት አስታወሰኝ» የሚል መጣ። አንዱ ሁለት ባርኔጣ አዘዘ፤ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላክንለት። አክስቴ ብሩ ሲመጣ አላመነችም። «ሳያየኝ፣ ሳይጨቃጨቀኝ፣ እንዲሁ ላከው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ በስልኬ አልሳቀችም። እንዲያውም ወደ ጉብታው ስወጣ፣ «ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናዋን ታለብሰኝ ጀመር።

እኔ ግን አልጠገብኩም። ሁለት ባርኔጣ፣ ሦስት ባርኔጣ ምን አላት? የሚንቁኝ ሁሉ እንዲያዩልኝ ፈለግኩ። ትምህርቱ ላይ ደግሞ «ምርትሽ ከየት እንደሚመጣ አሳዪ» የሚል ነበር። አክስቴን ጓሳ ላይ ላነሳት አሰብኩ።

«ተዘግቷል እኮ፤ ምን ልሠራ እወጣለሁ?» አለችኝ።

«መንገዱ አልተዘጋም፤ ቆመሽ ፎቶ ብቻ።»

ብዙ ለምኜ እሺ አስባልኳት። የታጠበ ነጠላዋን ለበሰች፣ የራሷን ባርኔጣ አደረገች፣ ጠዋት ወጣን። ጉሙ ገና ከሸለቆው እየተነሳ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ብርሃን በሕይወቴ አላየሁም። አቆምኳት፤ አነሳኋት፤ አየሁት። እጇ ባዶ ነው። እጇን የምታደርግበት አጥታ ልክ ለቀበሌ መታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ተገትራለች። ፎቶው ሞቷል።

ኪሴ ውስጥ ትንሽ ቢላዋ ነበረች። አክስቴ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ ስትሳለም ከድንጋዩ ጀርባ ዞርኩና አንድ እቅፍ ሣር ቆረጥኩ። ጓሳ እንዲህ በቀላሉ አይቆረጥም፤ ከወገቡ እየገዘገዝኩ፣ እየቦጨቅኩ ነው ያወጣሁት። ይዤላት ስመጣ ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም።

«ኧረ በስመ አብ! ምን አደረግሽ? አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?»

«አንዴ ተቆርጧል እኮ እቴቴ፤ አሁን አይመለስ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ያዢልኝ።»

«ወግጂ!»

«ለአንድ ደቂቃ! ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚሁ ነው!»

ጮህኩባት። ያሳደገችኝን ሴት እዚያ ሜዳ ላይ ጮህኩባት። እሷም ሰው እንዳይሰማ ብላ መሰለኝ ያዘችልኝ። ከንፈሯን ነክሳ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከኔ ላይ አንስታ ሩቅ ወዳለው ገደል ተመለከተች። አነሳሁ። እንደጨረስኩ ሣሩን አልጣለችውም፤ በአንድ ዘለላ አስራ፣ ድንጋይ ሥር አስቀምጣ፣ ላዩን በድንጋይ ጫን አደረገችው። «ቤቴ አይገባም» አለች። ቀድማኝ ወደ ቤት ወረደች።

ፎቶውን ስለጥፍ ደግሞ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ትምህርቱ «ትኩስ መሆኑን ተናገሪ» ይላል። ስለ አትክልትና ስለ ዳቦ ነበር የሚያወራው፤ እኔ ሞኟ ለባርኔጣ ወሰድኩት። ማንም የመንዝ ልጅ የሚያውቀውን እኔ ጠፋኝ እንዳልል አልጠፋኝም፤ ባርኔጣ የሚሠራው ከከረመ ሣር ነው። ግን ጻፍኩት፦ «ዛሬ ጠዋት ከጓሳ የታጨደ! ትኩስ! በእናቶቻችን እጅ የተሠራ!»

ወይ ጉድ! ፎቶው ተቀጣጠለ። አንድ ቀን ሳይሞላው ስንቱ ሼር አደረገው። ንዴቷን ሁሉም ግርማ ሞገስ አድርጎ አየው። «እንዴት ያለች የኮራች እናት!» ይላሉ። አዲስ አበባ ያለ የባህል ዕቃ ሱቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ እወስዳለሁ አለ። ጉብታው ላይ ብቻዬን ዘለልኩ። ከዚያ ሁሉ አስተያየት መካከል አንድ የማላውቀው ሰው፣ «ጓሳው ተከፈተ እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ቶሎ መልሺ ተብያለሁና ቶሎ መለስኩ፦ «ለደንበኞቻችን ሁሌም ክፍት ነው!» ከሥሩ የሚስቅ ፊት አደረግኩበት። ይህቺን መልስ ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ብቻዬን ሆኜ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

ሰውየው የኛው አጥቢያ ልጅ ኖሯል። ለአባቱ ደወለ፤ አባቱ ለጓሳ ጠባቂዎቹ አለቃ ነገሩ። አለቃው አክስቴን በሙሽርነቷ የሚያውቁ፣ ጺማቸው የነጣ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

አለቃው ስለ ሣሩ ሕዝቡን ለስብሰባ ጠሩ። ከዚያ ሁለት ቀን በፊት እኔም አንድ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ከወረዳው ጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ተጠርቼ፣ «ገጽሽን አየነው፤ ለተደራጁ ወጣቶች ስልጠና ትሰጫለሽ፣ ጥሩ ከሆንሽ ቋሚ ትሆኛለሽ» ተብያለሁ። የስልጠናው ርዕስ «በአነስተኛ ወጪ ምርትን በስልክ ማስተዋወቅ» ነው። ለአክስቴ ስነግራት እልልታዋ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ተሰበሰብን። ያ በገጹ ላይ የጠየቀኝ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበርና ስልኩን አወጣ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽማግሌዎቹ አንዱ እያራቀ፣ አንዱ እያቀረበ አዩት። አክስቴ ሣር ታቅፋ፣ ቀና ብላ። ጽሑፉንም ሰውየው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ዛሬ ጠዋት የታጨደ» ሲል ከሴቶቹ በኩል «እግዚኦ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሣሩን ያጨደው ይናገር» አሉ አለቃው።

አፌን ልከፍት ነበር። እንዲህ እላለሁ፤ ግን እሱንም እንጃ። ያሰብኩት ስለ ስልጠናው ነው። ሣር ሰርቃ የተያዘች አሰልጣኝ ማን ይቀጥራል ብዬ ነው ያሰብኩት። ያን እያሰብኩ ሳለ አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች።

አለቃው ወዲያው አልፈረዱም። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩና «ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ። ዝም። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ዝም። በሦስተኛው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና ቀስ ብለው፣ «ሌላ፣ የሚናገር፣ አለ?» አሉ። እኔ እንደ ደንብ ነው የቆጠርኩት፤ ሁሌም ሦስት ጊዜ የሚጠየቅ መስሎኝ ነበር። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ የጫማዬን ክር አያለሁ።

ተፈረደባት። በመጪው መክፈቻ ማጭድ ይዛ እንዳትወጣ፤ ድርሻዋ ለዚያ ጊዜ እንዲቀር። ቤት የሚቃጠልበት ዘመን አልፏል ብለው ነው በዚያ ያበቁት። አንዲት ጎረቤታችን በአጠገቧ ስታልፍ፣ «ካንቺ? ካንቺ ይህ ይወጣል?» አለቻት። አክስቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

በመንገድ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ቤት ስንደርስ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ለስልጠናሽ የምትለብሺውን አጥበሽ አስጪ፤ ነገ ፀሐይ ላይኖር ይችላል።»

አጥቤ አሰጣሁ። ስልጠናውንም ሰጠሁ። ያቺን የሚስቅ ፊት ያላትን መልስ አጠፋሁ፤ ፎቶውን ግን አላጠፋሁትም፤ ትዕዛዝ ያመጣል። እንዲያውም በስልጠናው ላይ ለምሳሌ አሳየሁት። «አያችሁ፣ አንድ ሳንቲም ሳናወጣ» አልኳቸው። ከሰልጣኞቹ አንዲት ባና የምትሠራ ሴት እጇን አውጥታ፣ «እኚህ እናት አሁን እንዴት ናቸው? ገበያው ጠቀማቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በጣም» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ተጨበጨበልኝ፤ ቋሚም ሆንኩ።

በእርግጥ ባርኔጣው ተሸጧል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። እስከ መክፈቻው ልታብቃቃው የነበረውን ሣር ለሱቁ ትዕዛዝ በአንድ ክረምት ጨረሰችው። ቆጡ ባዶ ሆነ፤ መልሳ የምትሞላበት ድርሻ ደግሞ የለም። እኔ ከተማ ቤት ተከራይቼ በየወሩ ትንሽ እልክላታለሁ፤ መልሳ ድንችና ገብስ ትልክልኛለች። ባርኔጣ መሥራት አቁማ የሰው ሱፍ በደሞዝ ትፈትል ነበር። እሱን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጓሳው ተከፈተ። አጨዳው ሲጀመር እመጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልበዛብኝም። የመጣሁት በመጨረሻው ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሣር ተሸክሞ፣ በፈረስ ጭኖ፣ እየዘፈነ ይወርዳል፤ እኔ ብቻ ወደ ላይ እወጣለሁ። አለቃው ባናቸውን ደርበው ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ቆምኩ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ሣሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «እናውቃለን» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ልጄ፣ እኛ እኮ ሣር ስናጭድ ነው ያረጀነው። ፎቶው ላይ ያለው ከወገቡ የተቦጨቀ ነው። አክስትሽ እንዲያ አታጭድም፤ እሷ ማጭዷን ከሥሩ አስጠግታ ነው የምታጭደው። ያየ ሁሉ አውቋል።»

እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ፈረዱባት?»

«እኔ ነኝ አለች። በሕዝብ ፊት ቆማ እኔ ነኝ ያለችን ሴት፣ አንቺ ውሸታም ልበላት? ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ አንቺን ነበር የምጠይቀው። ዓይንሽ መሬት ላይ ነበር።»

«ፈርቼ ነው አባባ። ሥራዬን…»

«ምን እናደርግሽ ነበር?» አሉኝ፤ አሁን ዞረው አዩኝ። «ድርሻ የለሽ፣ ማጭድ የለሽ፤ ምን እንወስድብሽ ነበር? ተቆጥተንሽ፣ ይቅርታ ጠይቂ ብለንሽ፣ መርቀን እንሰድሽ ነበር። እሷ ግን የነበራትን አጣች።»

 እሳቸውም የሚወርዱትን ሰዎች ሸክም መቁጠር ቀጠሉ።

እየሮጥኩ ወረድኩ። አክስቴ ደጃፏ ላይ፣ ጀርባዋን ለተራራው ሰጥታ ተቀምጣለች። እኔ በገጹ ላይ ለአንድ ሰው ቃል የገባሁለት አንድ ባርኔጣ ነበር፤ ከወር በፊት ነግሬያት ረስቼዋለሁ። ድሮ ተበላሽተው የተጣሉ ባርኔጣዎቿን ፈትታ፣ ሣሩን በውኃ እያራሰች፣ እንደገና እየጎነጎነችው ነበር። ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ።

«እቴቴ፣ ነገርኳቸው። እኔ ነኝ አልኳቸው።»

በጥርሷ ይዛው የነበረውን ሣር ከአፏ አወጣች።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

አንገቷን አዙራ በትከሻዋ ላይ ወደ ተራራው ተመለከተች። የመጨረሻዎቹ አጫጆች ከነሸክማቸው እየወረዱ ነበር፤ ዘፈናቸው እስከ ደጃፋችን ይሰማል። ጥቂት አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«በይ ይህን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ።

ያዝኩላት። እሷ ስትስበው ሣሩ አርጅቶ ኖሮ እጄ ላይ ተበጠሰ። «ምንም አይደለም» አለችና ሌላ ዘለላ አራሰች፤ እኔ ግን ከሐፍረቴ ብዛት ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።